ኮከብን በስልክ ማንሳት፦ ከጨረቃ ምርጫ እስከ መጨረሻው ፎቶ

ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ፤ ማታ ማታ ኮከብ አነሳለሁ። ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በምን ካሜራ ነው?» በስልክ ነው ስል ደግሞ «ታዲያ የኔ ስልክ ለምን ጥቁር ብቻ ያወጣል?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው በቴሌግራም ከመመለስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ወይ ጨረቃ አለች፣ ወይ የቆማችሁበት አቅጣጫ ልክ አይደለም፣ ወይ ስልኩ ተንቀሳቅሷል። እነዚህን ሦስቱን ካስተካከላችሁ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ በቂ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሻተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን በር) ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ክፍት ማድረግ የሚችል ስልክ
- ትራይፖድና የስልክ መያዣ። ርካሹም ይሠራል፣ እግሩ ካልተወላገደ።
- ፓወር ባንክና አጭር ገመድ
- የግንባር ባትሪ፣ ቀይ መብራት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ ተራውን ባትሪ በቀይ ፌስታል ሸፍኑት።
- ለስላሳ ጨርቅ (የመነጽር መጥረጊያ)
- ስቴላሪየም የሚባለው አፕ፣ የትኛው ኮከብ የት እንዳለ ለማወቅ
- ኮምፒውተር፣ ፎቶዎቹን ለመደራረብ
- ወፍራም ጃኬት። ይሄን ሁሉም ሰው ይረሳል።

ትራይፖድ የሌለው ሰው በትንሽ ከረጢት ሩዝ ወይም አሸዋ ሞልቶ ስልኩን እሱ ላይ ማስደገፍ ይችላል። ለመጀመሪያ ሙከራ አያሳፍርም።

ከመውጣታችሁ በፊት፦ ጥንቃቄ

ብቻችሁን አትሂዱ። በእንጦጦ ጫካም ሆነ በከተማው ዳርቻ ማታ ጅብ አለ፤ ጨለማ ውስጥ ስልክ አብርቶ የቆመ ሰው ደግሞ የሌባን ዓይን ይስባል። የምትቆሙበት መሬት የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ለጥበቃውም ሆነ ለአካባቢው ሰው ምን እንደምትሠሩ ቀድማችሁ ንገሩ። በሌሊት ትራይፖድ ተክሎ የሚጠብቅ እንግዳ ሰው ማንንም ያጠራጥራል፣ አይፈረድባቸውም። በወታደራዊ ካምፕ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በግድብና በቴሌ ማማ አጠገብ ትራይፖድ አታውጡ። ገዳምና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃድ አይነሳም።

1. ስልካችሁን ቤት ውስጥ ፈትሹ

ካሜራውን ክፈቱና «ፕሮ» ወይም «ማኑዋል» የሚል ፈልጉ። እዚያ ውስጥ የሻተር ስፒዱን (ሻተሩ ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ) ወደ ላይ ግፉት። 10፣ 15 ወይም 30 ሰከንድ ድረስ ከሄደ ጨርሳችኋል። አንዳንድ ሳምሰንግ ስልኮች ላይ ፕሮ ሞዱ ይሄን ያደርጋል። ፒክስል ስልኮች ከትራይፖድ ላይ ሆነው በናይት ሳይት (በሌሊት ማንሻ ሞዳቸው) ሲያነሱ ኮከብ የማንሻ ሞዱን ራሳቸው ይከፍታሉ። ናይት ሞድ ያለው አይፎን ደግሞ መንቀሳቀሱን ሲያቆም ናይት ሞዱ እስከ 30 ሰከንድ ይፈቅዳል፤ በእጅ ከያዛችሁት ግን ያን ያህል አይሰጣችሁም።

ስልካችሁ ፕሮ ሞድ ከሌለው ኦፕን ካሜራ የሚባለውን ነፃ አፕ አንድሮይድ ላይ ጭናችሁ ሞክሩ። አንዳንድ ስልኮች የራሳቸው ካሜራ የማይሰጠውን ለዚህ አፕ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ አይሰጡም። ይሄን ቤት ውስጥ ማወቅ ያለባችሁ 200 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በኋላ ማወቅ ስለሚያናድድ ነው።

2. ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ

ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን በሙሉ ታበራዋለች። ደማቆቹ ኮከቦች ይቀራሉ፣ ደብዛዛዎቹ ይጠፋሉ፣ ፍኖተ ሐሊብማ (ሚልኪ ዌይ የምንለው) ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ጨረቃ ከምትጠፋበት ቀን በፊትና በኋላ ያሉትን አራት አምስት ሌሊቶች ያዙ።

የኛ ቀን መቁጠሪያ በፀሐይ ስለሚሄድ ይሄን አይነግራችሁም። የሂጅራው ግን ይነግራችኋል፤ ወሩ የሚገባው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ነው። የወሩ የመጨረሻ ቀናትና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ለኛ ሥራ ምርጥ ናቸው። እስላም ጎረቤት ካላችሁ አፕ አያስፈልጋችሁም።

ፀሐይ ከገባች በኋላም ወዲያው አይጨልምም። ለዓይን የጨለመ ሲመስል ለካሜራ ገና ነው። 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።

3. ምን እንደምታነሱ ወስኑ

ሰማዩ ከወር ወር ይለያያል፤ «ኮከብ ላነሳ» ብሎ ዝም ብሎ መውጣት ገበያ በሌለበት ቀን ገበያ እንደመሄድ ነው። ለኛ አገር እንዲህ ይሠራል፦

- ጥቅምት መጀመሪያ፦ ክረምቱ እንደወጣ አየሩ ከአቧራ ንጹሕ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት በደቡብ ምዕራብ ይታያል። እንቅልፍ ለማይተዉ ሰዎች የተፈጠረ ወር ነው።
- ታኅሣሥና ጥር፦ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከነሦስቱ ተርታ ኮከቦቹ አናት ላይ ይወጣል። ጥር አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሲሪየስና ካኖፐስ፣ የሌሊት ሰማይ አንደኛና ሁለተኛ ደማቅ ኮከቦች፣ አብረው ይታያሉ።
- ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ፍኖተ ሐሊብ ከንጋት በፊት ይመለሳል። በየካቲት ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት በደቡብ ምሥራቅ፣ በሚያዝያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ።
- ግንቦት፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ፤ የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከአድማሱ በላይ 20 ዲግሪ አካባቢ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ዞር ብላችሁ ወደ ሰሜን ካያችሁ የሰሜን ኮከብም አለ። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማየት አውሮፓ ያለ ሰው የማያገኘው ነገር ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ስለማይለቅ ትራይፖዱን አስቀምጡት።

4. ቦታ ስትመርጡ ከጨለማው ይልቅ አቅጣጫውን እዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

የአዲስ አበባ ልጅ ኮከብ ላንሳ ሲል መጀመሪያ የሚያስበው እንጦጦን ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ቅርብ ነው። ችግሩ እንጦጦ ከከተማው በስተሰሜን መሆኑ ነው። ወደ ደቡብ ስትዞሩ ከተማው በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ነው፤ ብርሃኑም ሽቅብ ይወጣል። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል፣ የደቡብ መስቀልና ካኖፐስ ደግሞ ያሉት በደቡብ በኩል ነው። ስለዚህ ሱሉልታም ሂዱ እንጦጦ፣ ምርጡ የሰማይ ክፍል የከተማው ብርሃን ላይ ያርፍባችኋል። እንጦጦ የሚጠቅመው ወደ ሰሜን ዞራችሁ የኮከብ ዱካ ስትሠሩ ነው፣ እሱን ታች አስረዳለሁ።

ለፍኖተ ሐሊብ ከከተማው ወደ ደቡብ ወጥታችሁ ከተማውን ከጀርባ አድርጉ። ላንጋኖ ጥሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማደሪያም አለው፣ ውኃው ላይ የኮከብ ነጸብራቅ ይገኛል። ግን ራቅ ያለ ቦታ ሁሉ ጨለማ አይደለም። አበባ እርሻ ወይም ፋብሪካ አጠገብ ካረፋችሁ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። በቀን ደርሳችሁ በደቡብ በኩል ምን እንዳለ እዩ።

ገጠር ቤተሰብ ያለው ሰውማ ዕድለኛ ነው። ለበዓል ስትሄዱ ትራይፖዱን ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ ከአያት ግቢ የሚበልጥ ቦታ የለም።

ከተማ ውስጥ ለቀራችሁ ደግሞ አንድ መላ አለ። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት፣ ሌላው ሻማ ሲፈልግ እናንተ ሰገነት ላይ ውጡ። ኦሪዮን በደንብ ይወጣል። የምትቆሙት ሲሚንቶ ላይ ይሁን፤ ቆርቆሮ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ስልኩን ያንቀጠቅጣል።

5. ስልኩን አቁሙ፣ ዝም አሰኙ

ትራይፖዱን ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉ። እግሩ በረዘመ ቁጥር ነፋስ ያወዛውዘዋል። ነፋስ ካለ መሐሉ ላይ ድንጋይ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሉ፤ ፌስታሉ መሬት እንዲነካ አድርጉ፣ ካልሆነ እሱ ራሱ ይወዛወዛል።

ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ሻተሩ ክፍት በሆነበት 15 ሰከንድ መሐል አንድ ሰው ቢደውል ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሸዋል። ፍላሹን አጥፉ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ፣ ሌንሱን ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ የጣት ቅባት አለበት፤ ቀን ላይ አይታወቅም፣ ማታ ግን እያንዳንዱን ኮከብ ጭጋግ ያለብሰዋል።

ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ፣ 1 ኤክስ የሚለውን። ሰፊው ሌንስ ብዙ ሰማይ ስለሚይዝ ያጓጓል፤ ግን አብዛኛው ስልክ ላይ ብርሃን የሚቀበለው ያነሰ ነው። ዙሙንም እርሱት።

6. ፎከስ

አውቶ ፎከስ በጨለማ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ወዲያና ወዲህ እያለ ይቀራል። ወደ ማኑዋል ቀይሩና ወደ ሩቁ ጫፍ ውሰዱት፤ ብዙ ስልክ ላይ የተራራ ምልክት አለው።

እዚህ ጋ አንድ ተንኮል አለ። አንዳንድ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጫፍ ከልኩ ያልፋል። ደማቅ ኮከብ ላይ አንድ ፎቶ አንሱ፣ አጉልታችሁ እዩ። ኮከቡ ትንሽ ነጥብ ከሆነ ልክ ነው። የተድበለበለ ከሆነ ፎከሱን በጣም በትንሹ ወደኋላ መልሱና ድገሙት። ይሄ አምስት ደቂቃ ቢወስድም አትቸኩሉ፤ ፎከሱ የጠፋ ፎቶ በኋላ በምንም አይድንም።

7. ቁጥሮቹ

ለመነሻ እነዚህን አስገቡ፦

- ሻተር፦ 10 ወይም 15 ሰከንድ
- አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፦ ገጠር 1600 ወይም 3200፣ ከተማ 400 ወይም 800
- ዋይት ባላንስ (የፎቶው የቀለም ሚዛን)፦ 4000 ገደማ፣ አውቶ ሳይሆን
- ፋይል፦ ሮው (ስልኩ ያልነካካው ጥሬ ፎቶ፣ ዲኤንጂ የሚባለው)
- ታይመር፦ 5 ወይም 10 ሰከንድ

ሻተሩን ከዚህ ለምን አላስረዝምም? ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ በሰዓት 15 ዲግሪ ይጓዛሉ። በተለመደው 12 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ላይ 30 ሰከንድ ማለት አንድ ኮከብ 7 ፒክስል ያህል ይንሸራተታል ማለት ነው። ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። የውጭ አገር መመሪያዎች 20 እና 25 ሰከንድ ይላሉ። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ግን አናታችን ላይ የሚያልፉት በፍጥነት የሚንሸራተቱት ኮከቦች ናቸው። እኛ ጋ 15 ሰከንድ ይበቃል፤ ለጥራት የሚጨነቅ ሰው 10 ያድርገው።

ሮው የሚያስፈልገው ደግሞ ስልኩ ጄፔግ ሲሠራ ደብዛዛ ኮከቦችን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ስለሚያጸዳቸው ነው። ፋይሉ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ስልኩ ላይ ቦታ አስለቅቁ።

ታይመሩን አትዝለሉት። ጣታችሁ ስክሪኑን ሲነካ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ታይመሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። ገመድ ያለው ኢርፎን ካላችሁ ብዙ ስልክ ላይ የድምፅ መጨመሪያው እንደ ሻተር ይሠራል።

8. አንድ አንስታችሁ መርምሩ

በጨለማ ውስጥ ስክሪን ሁሉንም ነገር አሳምሮ ያሳያል፣ አትመኑት። አጉሉና ሦስት ነገር እዩ። ኮከቦቹ ነጥብ ናቸው? ሰማዩ ከአድማሱ ጋር ነጥቷል? ነጥቶ ከሆነ አይኤስኦውን በግማሽ ቀንሱ። ዳር ላይ ያልታሰበ መብራት ገብቷል?

ከፎቶው ታችኛ ክፍል ላይ የሆነ ነገር አስገቡ፦ ግራር፣ የጎጆ ጣሪያ፣ የተራራ ጫፍ። ሰማይ ብቻውን ከሆነ የትም የተነሳ ይመስላል።

9. ሳትነኩት ደጋግማችሁ አንሱ

ዋናው ምሥጢር ይሄ ነው። አንድ ፎቶ ሁልጊዜም በኖይዝ (አሸዋ በሚመስል ነጠብጣብ) የተሞላ ነው። የአንድ ቦታ ብዙ ፎቶ ተደራርቦ አማካዩ ሲወሰድ ግን ኮከቡ ይቀራል፣ ኖይዙ ይቀንሳል። የሚቀንሰው በፎቶው ብዛት ልክ ሳይሆን በብዛቱ ስኩዌር ሩት ነው። 16 ፎቶ ኖይዙን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ከዚያ በታች በግማሽ ለመቀነስ ግን 64 ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ፎቶ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ድካሙ ይበልጣል።

ኦፕን ካሜራ ላይ «ሪፒት» የሚለውን ከከፈታችሁ ራሱ እየደጋገመ ያነሳል። ከሌላችሁ በእጅ ነው፣ ግን ቀስ ብላችሁ። በመሐል ትራይፖዱን አትንኩ፣ የግንባር ባትሪ ወደ ፊት አታብሩ።

10. ጥቁር ፎቶዎችን አንሱ

ስትጨርሱ ወዲያው አትጠቅልሉ። ሌንሱን በጥቁር ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ሸፍናችሁ፣ ቁጥሮቹን ሳትቀይሩ፣ 10 ያህል ፎቶ አንሱ። እነዚህ ላይ የሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች የሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የራሱ ጉድለት ናቸው። ሶፍትዌሩ ከዋናው ፎቶ ላይ ይቀንሳቸዋል። እዚያው፣ ስልኩ በዚያው ሙቀት እያለ መነሳት አለባቸው። ቤት ገብታችሁ ብታነሱ የሴንሰሩ ሙቀት ስለሚለያይ ነጠብጣቡም ይለያያል።

11. ኮምፒውተር ላይ ደራርቡ

ዊንዶውስ ላላችሁ ሲኳተር የሚባለው ፎቶ መደራረቢያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ቀላልም ነው። ሊኑክስና ማክ ላይ ሲሪል አለ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ግን መማር ይፈልጋል። በሲኳተር እንዲህ ነው፦

ሀ. «ስታር ኢሜጅስ» ላይ ዋናዎቹን ፎቶዎች አስገቡ።
ለ. «ኖይዝ ኢሜጅስ» ላይ ጥቁሮቹን አስገቡ።
ሐ. «አውትፑት» ላይ የሚቀመጥበትን ስም ስጡ።
መ. መሬትም ዛፍም ፎቶው ውስጥ ካለ «ፍሪዝ ግራውንድ» የሚለውን ምረጡና ሰማዩ የቱ እንደሆነ ቀቡለት። ይሄን ካልነገራችሁት ኮከቦቹን ለማስተካከል ሲል ዛፉን ያደበዝዘዋል።
ሠ. «ስታርት»።

ዲኤንጂውን አልከፍትም ካለ ፎቶዎቹን ወደ ቲፍ ቀይራችሁ አስገቡ።

12. ማስተካከል

የወጣው ፎቶ መጀመሪያ ላይ ደብዝዞ ይታያችኋል፣ አትደንግጡ። ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ላይ ከርቩን (ብርሃኑን የሚያስተካክለውን መስመር) በትንሹ አንሱት፣ ጥላውን አጥቁሩት፣ የከተማ ብርቱካናማ ቀለም ካለ ዋይት ባላንሱን ወደ ሰማያዊ ሳቡት። ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ሐምራዊ ሰማይ በየገጹ ሞልቷል፤ የሌሊት ሰማይ ግን ሐምራዊ አይደለም።

የኮከብ ዱካ ለምትፈልጉ

ክብ ክብ እየሠሩ የሚዞሩት መስመሮች የሚወጡት በተቃራኒው መንገድ ነው፦ መንሸራተቱን እንፈልገዋለን። ሻተሩ 30 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 400 ወይም 800፣ 120 ፎቶ በተከታታይ። አንድ ሰዓት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ኮከብ 15 ዲግሪ ቅስት ይሠራል። በፎቶዎቹ መሐል ያለው ክፍተት ከ1 ሰከንድ አይብለጥ፣ ካልሆነ መስመሩ የተቆራረጠ ይሆናል። ፓወር ባንኩን ከመጀመራችሁ በፊት ሰኩት፤ በመሐል ከሰካችሁት ስልኩ ይነቃነቃል።

እንጦጦ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ከተማውን ከጀርባ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ዙሩ። የሰሜን ኮከብ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ተራራ ከጋረደው አታገኙትም፤ ከጋረደውም ግን ግማሽ ክቡ ከተራራው ጫፍ በላይ ይወጣል፣ ያምራልም። ፎቶዎቹን ለማያያዝ ስታርስታክስ የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«ሁሉም ኮከብ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስቧል።» ዛፉም ከተሳበ ስልኩ ተንቀሳቅሷል፤ ትራይፖዱንና ታይመሩን እዩ። ዛፉ ደህና ሆኖ ኮከቡ ብቻ ከተሳበ ሻተሩ ረዝሟል።

«ፎቶው ብርቱካናማ ነው።» ወይ ወደ ከተማ ዞራችኋል፣ ወይ ዋይት ባላንሱ አውቶ ላይ ነው።

«መሐል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ።» የሚቆራረጥ ከሆነ አውሮፕላን ነው፣ ቀጥ ያለና ያልተቋረጠ ከሆነ ሳተላይት። 20 ፎቶ ከደረባችሁ በብዛት ይጠፋል፤ ካልጠፋ ያንን አንዱን ፎቶ አውጥታችሁ እንደገና ደርቡ።

«እየቆየ ፎቶው ጭጋግ ለበሰ።» ሐይቅ ዳር ጤዛ ሌንሱ ላይ ያርፋል። በየ10 ደቂቃው በባትሪ እዩት፣ በጨርቁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። በትንፋሽ አትጥረጉት፣ ይባስ ያረጥበዋል።

«ባትሪው 60 ከመቶ እያለ ስልኩ ጠፋ።» ብርድ ነው። ደጋ ላይ ሌሊት ባትሪው በፍጥነት ይወድቃል። ፓወር ባንኩን ጃኬት ውስጥ አድርጋችሁ ገመዱን ብቻ አውጡ።

«ፎቶውን በቴሌግራም ስልከው ኮከቦቹ ጠፉ።» እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ትናንሾቹ ኮከቦች መጀመሪያ የሚጠፉት ናቸው። እንደ ፋይል ላኩት።